ፀሐይ እያለ የሚገባ ብርድ፦ የታመመ ልብን ከአዲስ አበባ ሌሊት እንዴት እንጠብቀው?

ጀሞ፣ ለቡ ወይም ላፍቶ አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ ይህን ሳታዩት አልቀራችሁም። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ሰዓቱ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ። የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰብስቦ፣ ከአፉ እንፋሎት እያወጣ ይጠብቃል። ያው ሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ጃኬቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ጥላ ጥላውን ይሄዳል። በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ወቅት! ጤነኛ ከሆናችሁ ይህ መለዋወጥ ቢያማርራችሁ እንጂ ብዙም አይጎዳችሁም። ልባቸው ለታመመ ሰዎች ግን ያቺ የጧት ሰዓት፣ ከእሷም በፊት ያለው ሌሊት፣ ቀላል ነገር አይደለም።

(በነገራችን ላይ፣ “ንፋስ ስልክ” የሚለው ስም ከሰፈሩ ንፋስ ጋር ግንኙነት የለውም። የድሮ ሰዎች ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፈውን ቴሌግራፍ “የነፋስ ስልክ” ይሉት ነበር፤ ሰፈሩም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ጧት ጧት ላፍቶ ሜዳ ላይ ቆሞ ይህን ማመን ቢከብድም።)

“ዊንተር” እና ክረምት አንድ አይደሉም

ስለ ልብና ስለ ብርድ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ምክር ወደ አማርኛ ሲመጣ አንድ ስህተት አብሮት ይመጣል፤ “ዊንተር” የሚለው ቃል “ክረምት” ተብሎ ይተረጎማል። የእኛ ክረምት ግን የዝናብ ወቅት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ቀኑ ይቀዘቅዛል፣ ልብስ ይርሳል፣ ጭቃው ያስመርራል፤ ሌሊቱ ግን በጣም አይወርድም። የአዲስ አበባ ከባድ ብርድ የሚመጣው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ቀኑ ፀሐያማ በሚሆንባቸው በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። በእነዚህ ወራት የሌሊቱ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይወርዳል።

ለምን? መሬት ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት በማይታይ ጨረር ወደ ሰማይ ትመልሰዋለች። በክረምት ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ከዚያ ሙቀት የተወሰነውን ወደ ታች ይመልሳል። በበጋ ብርድ ልብሱ ይነሳል፤ አየሩም ደረቅ ስለሆነ ሙቀቱን የሚይዝ እንፋሎት የለውም። ከተማዋ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በላይዋ ያለው አየር ስስ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ስለሚከብድ ሌሊት እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ ወንዝ ዳርና ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል። ከእንጦጦ በኩል ወደ ደቡብ እየወረደ የሚሄደውን የከተማችንን አቀማመጥ፣ ከዚያም በምዕራብ በኩል የሚያልፈውን የትንሹን አቃቂ ወንዝ ሸለቆ አስቡት። ወንዙ ዳር የሚኖር ዘመዳችሁ “እኛ ጋ ብርዱ ይብሳል” ቢላችሁ ማጋነኑ ላይሆን ይችላል።

ልብ ብርድን እንዴት ያውቀዋል?

ቆዳችሁ ሲቀዘቅዝ አንጎላችሁ የመጀመሪያ ሥራው ሙቀት እንዳይባክን መከላከል ነው። ስለዚህ በእጅ፣ በእግርና በቆዳ ስር ያሉት ትንንሽ የደም ስሮች እንዲጠብቡ ያዛል። ጣታችሁ የሚገረጣው ለዚህ ነው። ይህ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግን ዋጋውን የሚከፍለው ልብ ነው። የውሃ ጎማን ጫፍ በጣታችሁ ስትይዙት ውስጡ ያለው ግፊት ምን ይሆናል? ይጨምራል። የደም ስሮች ሲጠብቡም እንዲሁ ነው፤ ልብ ያንኑ ደም ለመግፋት የበለጠ ኃይል ማውጣት አለበት። የበለጠ ሲሠራ የበለጠ ኦክስጅን ይፈልጋል። የራሱ የልብ ጡንቻ ደም የሚያገኝበት መስመር በስብ የጠበበ ከሆነ ደግሞ ያ ተጨማሪ ኦክስጅን አይደርስለትም። ደረት ላይ እንደ ድንጋይ የሚጫን ህመም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛ ነገር አለ። ከቆዳ የተባረረው ደም ወደ መሃል ሰውነት ይሰበሰባል። ኩላሊትም “ፈሳሽ በዛ” ብሎ ትርፉን ያስወጣል። ሲበርዳችሁ ሽንት ቶሎ ቶሎ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ምክንያቱን ግን ስንቶቻችሁ ታውቁ ነበር? ውሃው ሲወጣ የሚቀረው ደም ይወፍራል። ወፍራም ደም ደግሞ በጠበበ መስመር ውስጥ ለመርጋት የተመቸ ነው።

ይህን በቁጥር ያሳየን ዊልያም ኪቲንጅ የተባለ የለንደን የሰውነት አሠራር ተመራማሪ ነው። እሱና ባልደረቦቹ በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ፈቃደኛ ሰዎችን በስሱ አልብሰው ንፋስ በሚነፍስበት ክፍል ውስጥ ለ6 ሰዓት አስቀመጧቸው። የክፍሉ ሙቀት ስንት ይመስላችኋል? ዜሮ አይደለም፣ 5ም አይደለም፤ 24 ዲግሪ ነው! የውስጥ ሙቀታቸው የወረደው በ0.4 ዲግሪ ብቻ ነበር። የደም ግፊታቸው ግን በአማካይ ከ126/69 ወደ 138/87 ወጣ፤ የደማቸው ውፍረት በ21 በመቶ ጨመረ። ማንም አልተንቀጠቀጠ ይሆናል፤ ደማቸው ግን ብርዱን አውቆታል። ስለዚህ ልብን ለመጉዳት በረዶ አያስፈልግም።

አቴንስና ፊንላንድ፤ እኛስ?

አሁን ግምታችሁን ልፈትን። የአየሩ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲወርድ ሞት ይበልጥ የሚጨምረው የት ነው? በረዶ በሚቆለልባት ፊንላንድ ወይስ ፀሐይ በማይጠፋባት አቴንስ?

መልሱ አቴንስ ነው፤ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። ኪቲንጅ ከሌሎች የአውሮፓ ተመራማሪዎች ጋር በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት መሠረት ሙቀቱ ከ18 ዲግሪ በታች በ1 ዲግሪ በወረደ ቁጥር ጠቅላላ ሞት በደቡብ ፊንላንድ በ0.27 በመቶ ሲጨምር፣ በአቴንስ በ2.15 በመቶ ጨመረ። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲፈልጉ ወደ ሰዎች ቤትና ወደ ሰዎች ራስ ተመለከቱ። ውጭው 7 ዲግሪ ሲሆን የፊንላንዶች ሳሎን በአማካይ 21.7፣ የአቴንሶች ደግሞ 19.2 ዲግሪ ነበር። በዚያው 7 ዲግሪ ውጭ ሲወጡ ባርኔጣ የሚያደርጉት በፊንላንድ 72 በመቶ፣ በአቴንስ 13 በመቶ ብቻ ናቸው። ፊንላንዶች ብርድን ስለሚያውቁት ይዘጋጁለታል። አቴንሶች “የእኛ አገር ሞቃት ነው” ብለው ያምናሉ፤ እምነቱ ራሱ ነው የሚያስቀዘቅዛቸው።

7 ዲግሪ እኮ የእኛ የታኅሣሥ ንጋት ነው። እኛም “አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ” እያልን ያደግን ሰዎች ነን። በ2015 እ.ኤ.አ. ከ13 አገሮች የ74 ሚሊዮን ሰዎችን ሞት የመረመረ ትልቅ ጥናት ከሞቱ 7.29 በመቶው ከብርድ፣ 0.42 በመቶው ብቻ ከሙቀት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። አብዛኛው ጉዳት የደረሰውም እጅግ በከፋ ብርድ ቀን ሳይሆን በመካከለኛ ብርድ ነው። ከ13ቱ አገሮች አንዱም የአፍሪካ አገር አልነበረም። ይህ እኛን ብርድ አይጎዳንም ማለት አይደለም፤ ጥናቱ እኛን አልቆጠረንም ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመኖሪያ ቤት መመሪያ ላይ በቀዝቃዛ ወቅት የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ ባይወርድ ይመረጣል ይላል። እስቲ ስንቶቻችን ቤት ቴርሞሜትር አለ? ከሌለ ቀላል መለኪያ ላሳያችሁ፦ ጧት ስትነሱ ቤት ውስጥ ትንፋሻችሁ የሚታይ ከሆነ ክፍሉ ከ18 ዲግሪ በጣም ርቆ ወርዷል ማለት ነው።

ቤቱ ራሱ

ቆርቆሮ ስስ ብረት ነው። ሌሊት ሙቀቱን ወደ ጠራው ሰማይ ስለሚለቅ ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል፤ ጧት ከስሩ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ የእናንተው ትንፋሽ ነው፣ ቀዝቃዛው ብረት ላይ ደርሶ ወደ ውሃ ተለውጦ። በቆርቆሮውና በእናንተ መካከል አየር የሚይዝ ነገር ካለ ነገሩ ይለወጣል። ለዚህ ነው አያቶቻችን አቡጀዴ ወጥረው ኮርኒስ የሚሠሩት፤ ዛሬም በየጭቃ ቤቱ የምታዩት ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ኮርኒስ ለውበት ብቻ አይደለም። የቆመ አየር ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። የጋቢም ምስጢር ይኸው ነው። አራቱ ድርብ ጨርቅ በመካከላቸው የሚይዙት አየር ነው የሚያሞቃችሁ እንጂ ጥጡ በራሱ ሙቀት የለውም። አንድ ወፍራም ጃኬት ከመልበስ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ ደራርቦ መልበስ የሚሻለውም በዚህ ምክንያት ነው። ግን ጥጥ ከረጠበ አየሩ ቦታ በውሃ ይያዝና ዋጋ ያጣል፤ ያኔ ሱፍ ይሻላል።

ሲሚንቶ ወለልም እንደዚሁ ሙቀት ይስባል። አልጋ ከሌለና ፍራሽ መሬት ላይ ከሆነ ከስሩ ካርቶን ወይም ምንጣፍ መደረብ ከላይ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ከመጨመር ባልተናነሰ ይጠቅማል። የራስ ሹራብና ካልሲ አድርጎ መተኛት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ (የፈላ ያልሆነ፣ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል) ውሃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከመኝታ በፊት በአልጋው እግርጌ ብታስቀምጡ ከማንኛውም ማሞቂያ ይረክሳል። ስኳር ላለበት ሰው ግን እግሩ ማቃጠሉን ላይሰማው ስለሚችል ሰውየው ሲገባ ጠርሙሱን አውጡት።

“መስኮቱን ዝጋልን!”

ወደ ዋናው ነገር መጣን። ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት ሲከፍት የሚነሳውን ጩኸት ታውቁታላችሁ። ለእኛ ብርድ ማለት በስንጥቅ ሾልኮ የሚገባ ጠላት ነው፤ ስለዚህ ከብርድ መከላከል ማለት ቀዳዳ መድፈን ይመስለናል። ቤት ስንገባም እንደዚያው እናደርጋለን፤ በር ይዘጋል፣ የመስኮቱ ስንጥቅ በጨርቅ ይወተፋል፣ የቡና ከሰል የቀረበት ማንደጃ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። “ለእማማ ይሙቃቸው፣ ልባቸውን ያማቸዋል” ተብሎ። በጎ ሐሳብ ነው፤ ለልብ ሕመምተኛ ከዚህ የከፋ ነገር ግን ማሰብ ይከብደኛል።

ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ አይን አያቃጥልም። ደማችን ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን በሚባል ነገር ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ከዚህ ተሸካሚ ጋር ይጣበቃል። ታክሲው መጥቷል፣ ግን ወንበሩ ሁሉ በማይወርዱ ሰዎች ተይዟል እንደ ማለት ነው። በእኛ ከፍታ ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ከዚያ ላይ ብርዱ ልቡን ተጨማሪ አሠርቶታል። ከዚያ ላይ ከሰሉ ተሸካሚውን ይነጥቃል። ጤነኛ ሰው ራስ ምታት ብቻ በሚሰማው መጠን የታመመ ልብ ሊቆም ይችላል።

“ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው የምናስገባው” የሚሉ ብዙ ናቸው። የሚያለቅሰው ጭስ አልቋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን ከቀላው ፍም እየወጣ ይቀጥላል፤ አመድ የለበሰው ፍምም ቢሆን። ውሃ የሞላበት ሳህን አጠገቡ ማስቀመጥም ምንም አያደርግም፤ ይህ ጋዝ ውሃ ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በከሰል ታፍነው ስለሚሞቱ ሰዎች ደጋግሞ የሚያስጠነቅቀው በከንቱ አይደለም። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካዞረውና ካቅለሸለሸው ምግቡን ከመጠርጠራችሁ በፊት በሩን ክፈቱና ሰዎቹን አውጡ።

ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፤ ሰውየውን አሙቁት እንጂ ክፍሉን አታፍኑት። አየር ትንሽ ይግባ፣ ጋቢው ይደረብ። የተዘጋ ክፍል ከሳልና ከጉንፋን አንጻርም አይጠቅምም፤ ቫይረሱና ባክቴሪያው የሚፈልጉት እሱን ነው።

ሌላው “የብርድ መድኃኒት” አረቄ ነው። ስትጠጡት ደረት ይሞቃል፤ እውነት ነው። ግን የሞቀው ቆዳው ነው፤ አልኮል በብርድ የጠበቡትን የደም ስሮች ይከፍትና የመሃል ሰውነትን ሙቀት ወደ ውጭ ያስወጣል። የልብን ምትም ሊያዛባ ይችላል። ሻይ፣ አጥሚት፣ ሾርባ ይሻላል፤ ጨው ቀነስ አድርጋችሁ፤ ፈሳሽ እንዲቀንሱ የታዘዙ ካሉም በልክ።

የሌሊት 9 ሰዓት ጉዞ

ስለዚህ ነገር መጻሕፍት ብዙም አያወሩም፤ ግን የግቢ ቤት የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። መጸዳጃው ውጭ ነው። ልቧ የደከመ እናት ውሃ የሚያስወጣ ኪኒን ትወስዳለች፤ ብርዱም በራሱ ያሸናል። ስለዚህ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ከሞቀ አልጋ ተነስታ፣ በነጠላ ጫማ፣ በጨለማ ግቢውን አቋርጣ ትሄዳለች። በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ከሞቀ አልጋ ወደ 8 ዲግሪ! የደም ግፊቷ ሽቅብ ይተኮሳል፤ ወይም ድንገት ስትነሳ ይወርድና ትወድቃለች። አንዳንዶቹ ይህን ጉዞ ስለሚፈሩ ኪኒኑን ዝም ብለው ያቆማሉ፤ ከዚያ እግር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል።

መፍትሔው ፖፖ ነው። አዎ፣ የሕፃናቱ ፖፖ፣ በትልቁ፤ ወይም ክዳን ያለው ባልዲ። ያፍራሉ፤ እናንተ ግን ማታ አቅርባችሁ ጧት ደፍታችሁ ብታጥቡላቸው ሐፍረቱ ይቀንሳል። መውጣት ግድ ከሆነ አልጋው ጠርዝ ላይ አንድ ደቂቃ ቁጭ ብለው፣ በሩ አጠገብ በተሰቀለ ጋቢ ተጠቅልለው፣ ካልሲና ጫማ አድርገው ይውጡ። ኪኒኑን ከማታ ወደ ጧት ማዞር ይቻል እንደሆነም ሐኪሙን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ በራሳችሁ ግን አትቀይሩት።

ጎህ ሲቀድ

አዲሱ አትክልት ተራ፣ ማለትም ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ያለው፣ ሥራ የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነው። ሽንኩርትና ድንች የጫነ መኪና ይመጣል፤ ጆንያ በትከሻ ይወርዳል። ለልብ ከዚህ የከበደ ጥምረት ጥቂት ነው። የደም ግፊት ከእንቅልፍ ስንነሳ በተፈጥሮው ይጨምራል፤ የልብ አደጋም ከሌላው ሰዓት ይልቅ በጧቱ ክፍለ ጊዜ ይበዛል። የቀኑ ቀዝቃዛ ሰዓት ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። ሸክም ሲነሳ ደግሞ ትንፋሽ ይያዛል፣ ግፊቱ ይዘላል። ደም ግፊት ያለባቸውን የአትክልት ነጋዴ ወይም የጫኝና አውራጅ አባት “ጧት አትሥራ” ማለት ቀልድ ነው፤ እንጀራው እዚያ ነው። መድኃኒቱን ሳይውጥ እንዳይወጣ፣ በባዶ ሆዱ እንዳይሄድ፣ አፍንጫና አፉን በሻሽ ሸፍኖ እንዲራመድ፣ የመጀመሪያዎቹን ጆንያዎች ቀስ ብሎ እንዲጀምር ማለት ግን ይቻላል። በእግር ለመንሸራሸር የታዘዙት ሰዎችማ የሚያስቸኩላቸው የለም፤ 3 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ስትሞቅ ይውጡ።

ኅዳር 12ንም ልብ በሉ። በ1911 ዓ.ም. የመጣውን የኅዳር በሽታ ለማስታወስ በየዓመቱ ቆሻሻ ሰብስበን እናቃጥላለን። በዚያ ወቅት ጧት ጧት ቀዝቃዛው አየር ከታች፣ ሞቃቱ ከላይ ስለሚሆን ጭሱ ወደ ላይ መውጣት አቅቶት ሰፈር ውስጥ ይተኛል። ግቢያችሁ ውስጥ የልብ ሕመምተኛ ካለ ፕላስቲክና ላስቲክ አታቃጥሉ፤ እሱም ያን ጧት አይውጣ።

ጸበልም አለ። ሌሊት ተነስቶ ቀዝቃዛ ጸበል መጠመቅ ለብዙ ሕመምተኛ የተስፋ ቦታ ነው፤ ያን ማንቋሸሽ የእኔ ሥራ አይደለም። ግን ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲወርድበት ሰውነት ሁለት ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ይሰጣል፤ የቆዳው ድንጋጤ “ልብ ፍጠን” ይላል፣ ፊት ላይ የሚያርፈው ውሃ ደግሞ “ዝግ በል” ይላል። የታመመ ልብ በሁለቱ መካከል ምቱ ሊዛባ ይችላል። ከአገልጋዮቹ ጋር ተነጋግሮ ፀሐይ ከወጣች በኋላ መጠመቅ፣ ከእግርና ከእጅ መጀመር፣ ወይም መጠጣትና መቀባት ይቻላል። መድኃኒት ማቆም ግን የለም። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረው ነበር፤ ለልብ መድኃኒትም የሚለየው ነገር የለም።

ልብ የሚታመመው ሽማግሌ ብቻ አይደለም

እስካሁን ስለ እናትና ስለ አያት ሳወራ “እኛን አይመለከተንም” ብላችሁ ከሆነ ቆዩ። በአገራችን በጣም ብዙ ወጣቶችን የሚያጠቃ አንድ የልብ በሽታ አለ፤ የሚጀምረውም ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ቶንሲል ላይ ያርፋል። ሰውነት ይዋጋዋል፤ ግን በአንዳንድ ልጆች ላይ የመከላከያ ሠራዊቱ ጠላትና ወዳጅ ይምታታበትና መጋጠሚያዎችንና የልብን በሮች (ቫልቮችን) መምታት ይጀምራል። ሩማቲክ የልብ ህመም የሚባለው ይህ ነው። መነሻው የሚከሰተው በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ባክቴሪያውን ብርድ አይፈጥረውም፤ ብርድ የሚያደርገው እኛን አንድ ክፍል ውስጥ፣ መስኮት ዘግተን፣ አንድ ፍራሽ ላይ ተጠጋግተን እንድንተኛ ነው። ያኔ ከአንዱ ጉሮሮ ወደ ሌላው ይዘላል።

በዚህ በሽታ የልብ በር ከጠበበ በኋላ ብርድ ሌላ ጉዳት አለው። በጠባብ በር ደም ለማሳለፍ ጊዜ ያስፈልጋል። ስትንቀጠቀጡ ወይም ጉንፋን ሲያተኩሳችሁ የልብ ምት ይፈጥናል፤ በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜ ያጥራል፤ ያላለፈው ደም ወደ ሳንባ ይመለሳል። ትናንት ኳስ ሲያይ የነበረ ልጅ ዛሬ ተጋድሞ መተንፈስ ያቅተዋል።

ደስ የሚለው ይህ በሽታ መነሻው ላይ ይቆማል። ጉሮሮ ታሞ በ9 ቀን ውስጥ በፔኒሲሊን በአግባቡ ከታከመ ልብ ላይ እንዳይደርስ ማድረግ ይቻላል። እንጥል ማስቆረጥ ግን ባክቴሪያውን አይገድልም፣ ሌላ አደጋ ይጨምራል እንጂ። በሽታው አንዴ የያዛቸው ልጆች በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋሉ። መርፌው ያማል፤ የታኅሣሥ ጧት ተነስቶ ለመወጋት መሄድ ደግሞ ሁለት ጊዜ ያማል፤ ስለዚህ ይዘላል። ክፍላችሁ ውስጥ መርፌ የሚወጋ ጓደኛ ካላችሁ አብራችሁት ሂዱ። ዶክተር በላይ አበጋዝ ካቋቋሙትና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ካለው የልብ ማዕከል ቀዶ ሕክምና ለማግኘት ወረፋ ከሚጠብቁት ልጆች መካከል ሩማቲክ የልብ ህመም ያለባቸው ጥቂት አይደሉም፤ ለብዙዎቹ ነገሩ የጀመረው ማንም ከቁም ነገር ባልቆጠረው የጉሮሮ ህመም ነው።

ፋርማሲ ስትላኩ

“ለጉንፋን የሚሆን ነገር ግዛልኝ” ብለው ይልኳችኋል። ለመድኃኒት ባለሙያው ሰውየው ልብ ወይም ግፊት እንዳለበት መጀመሪያ ንገሩት። አፍንጫ የሚከፍቱ አንዳንድ ኪኒኖች የደም ስርን በማጥበብ ነው የሚሠሩት፤ ማለትም ብርዱ የሚያደርገውን ይደግማሉ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደግሞ ጨውና ውሃ በሰውነት ውስጥ ስለሚያስቀሩ የደከመን ልብ ያጨናንቃሉ። ለትኩሳትና ለራስ ምታት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ፓራሲታሞል ነው።

ደረት ላይ የሚጫን፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ህመም፣ ድንገተኛ ቀዝቃዛ ላብ፣ ተጋድሞ መተንፈስ አለመቻል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ የጨመረ የእግር እብጠት፤ እነዚህን “ብርድ መታው” ብላችሁ በእንፋሎትና በዝንጅብል አታልፏቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ እሳትና አደጋ 939። ስትደውሉ የኮንዶሚኒየሙን ስምና የብሎክ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሰፈራችሁ የግቢ ቤት ከሆነ አንዳችሁ ጃኬት ደርባችሁ፣ የስልክ መብራት አብርታችሁ፣ አስፋልቱ ድረስ ሩጡና መኪናውን እዚያ ጠብቁት።